ሎረንስ ጊኔል ፓርላማ ውስጥ ስለ መሬት ያን ሁሉ ጥያቄ የሚያነሳው ለምን ነበር? የአየርላንድ ጭሰኛ መሬቱን እንዲገዛ ተፈቅዶለት የለም እንዴ?

መዝገብ ገላጭ፦
ሰላም እንዴት ናችሁ፣ አንድ ነገር ግራ ገብቶኝ ነው። ሰሞኑን የእንግሊዝ ፓርላማን የድሮ ቃለ ጉባኤ፣ ሀንሳርድ ሚሉትን ማለቴ ነው፣ እያገላበጥኩ ነበር (አመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው ምፅፈው)። ከ1906 በኋላ ያለውን ሳነብ አንድ ሰውዬ ደጋግሞ እየመጣ አላስቀምጥ አለኝ። ሎረንስ ጊኔል ይባላል፣ አየርላንዳዊ ነው፣ የሰሜን ዌስትሚዝ ተወካይ። ሌላው ሰው ስለ ባህር ሀይል፣ ስለ በጀት፣ ስለ ህንድ ሲያወራ እሱ ተነስቶ የአየርላንድ ጉዳይ ሚኒስትሩን ሚጠይቀው ስለ አንድ ርስት ነው። እከሌ ሚባለው ጌታ ርስት ላይ ጭሰኛ ያልሰፈረበት መሬት ስንት ኤከር አለ፣ ለማን ነው የተከራየው፣ ድሮ ከዛ መሬት የተፈናቀሉት ሰዎች አመልክተዋል ወይ፣ ካመለከቱስ መልሱ ለምን ዘገየ። ሚኒስትሩም አብዛኛውን ጊዜ ጉዳዩ ኮሚሽነሮቹ (የመሬት ግዢውን ሚያስፈፅሙት ሹሞች) እጅ ነው ብሎ ቁጭ ይላል። ሌላ ቀን ሰውዬው ሌላ ርስት ይዞ ይመጣል።

ግራ የገባኝ እዚህ ላይ ነው። በ1903 የዊንደም ህግ ወጥቷል አይደል? መንግስት ለጭሰኛው ሙሉ ዋጋውን ያበድረዋል፣ ባለርስቱ ገንዘቡን ይዞ ይሄዳል፣ ጭሰኛው ቀስ እያለ ይከፍላል። እንደኔ እንደኔ የመሬት ጥያቄ እዛ ላይ ማለቅ ነበረበት። ታዲያ ይሄ ሰው ከህጉ በኋላ እንደዚህ ሚጮኸው ምን ጎድሎ ነው? ደግሞ በየቦታው "የ11 ወር" ኪራይ ሚባል ነገር አለ፣ ለምን 12 እንዳልሆነ አልገባኝም። የሚያውቅ ካለ በትዕግስት ቢያስረዳኝ ደስ ይለኛል፣ ለራሴ ማወቅ ስለምፈልግ ነው እንጂ ፈተና የለብኝም።

ከጋልዌይ፦
ሰላም ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሳይ ደስ አለኝ ምክንያቱም እዚህ አገር ስኖር ከብዙ ሰው ጋር ያወራሁበት ጉዳይ ነው። ትንሽ ወደ ኋላ ሄጄ ልጀምር፣ ረዘመብኝ ብለህ እንዳትተወው።

በመጀመሪያ "ጭሰኛ" ስንል እኛ የለመድነውን የሲሶና የእኩል አራሽ አድርገህ እንዳታስበው፣ እዚህ ኪራዩ ሚከፈለው በጥሬ ገንዘብ ነው፣ በፓውንድና በሽልንግ። አዝመራው ተበላሸ አልተበላሸ ቀኑ ሲደርስ ትከፍላለህ። ቤቱንም የሚሰራው፣ ረግረጉንም የሚያደርቀው፣ ድንጋዩንም ለቅሞ ካብ የሚክበው ጭሰኛው ራሱ ነው፣ ግን መሬቱ ሲሻሻል ባለርስቱ ኪራይ ይጨምርበታል፣ ስለዚህ ሰው በገዛ ላቡ በራሱ ላይ ኪራይ ያስጨምራል ማለት ነው። ካልከፈልክ ደግሞ ፖሊስ ታጅቦ የፍርድ ቤት ሰው ይመጣል፣ አልወጣም ካልክ ግድግዳውን በግንድ እየደበደቡ ያፈርሱታል፣ ጣራውንም ያነሱታል ተመልሰህ እንዳትገባ። ከ1845 ጀምሮ የድንቹ በሽታ ባመጣው ረሀብ ጊዜ ደግሞ 1 ሚሊዮን ገደማ ሰው አለቀ፣ ሌላ 1 ሚሊዮን የሚሆን ተሰደደ፣ በዛ መሀል ብዙ ባለርስቶች ሰዉን ነቅለው መሬቱን ለከብት አደረጉት። ይቺን ያዛት፣ የጊኔል ነገር የሚጀምረው ከዚህች ነው።

ማይክል ዳቪት ሚባለውን ሰምተህ ይሆናል። ማዮ ውስጥ ስትሬድ ሚባል መንደር በ1846 ተወለደ፣ ገና የ4 አመት ልጅ እያለ ቤተሰቡ ተነቀለ፣ እንግሊዝ ተሰደው 11 አመቱ ላይ ጥጥ ፋብሪካ ውስጥ ማሽን ቀኝ እጁን ወሰደው። አሁን መንደሩ ውስጥ በስሙ ሙዚየም አለ፣ እኔ ሄጃለሁ፣ መቃብሩም እዛው ነው። ይሄ ሰው ነው በ1879 የመሬት ሊግን ያቋቋመው፣ ፕሬዚዳንቱ የፓርላማ አባሉ ፓርኔል ሆነ። ከዛ በፊት ከ1850 ጀምሮ ሲጠየቁ የነበሩ ሶስት ነገሮች አሉ፣ በእንግሊዝኛ ሶስቱም በአንድ ፊደል ስለሚጀምሩ ሶስቱ ኤፎች ይሏቸዋል፦ ተመጣጣኝ ኪራይ፣ ኪራዩን እስከከፈለ ድረስ አለመነቀል፣ ይዞታውን ለሌላ የመሸጥ ነፃነት። በ1881 የእንግሊዙ ጠቅላይ ሚኒስትር ግላድስተን ሶስቱንም በህግ ሰጠ፣ ኪራይ ሚወስን ፍርድ ቤት ተቋቋመ፣ ኪራዩም ለ15 አመት ይፀና ነበር። ግን ያኔም መሬቱ የባለርስቱ ነው። ግዢው የመጣው ቀጥሎ ነው፣ በ1885 የአሽቦርን ህግ 5 ሚሊዮን ፓውንድ መድቦ ሙሉ ዋጋውን ማበደር ጀመረ፣ በ49 አመት ሚከፈል። ከዛ 1891፣ ከዛ አንተ ያልከው 1903።

የዊንደም ህግ እንዴት እንደሚሰራ በቁጥር ላሳይህ ምክንያቱም በቁጥር ካላየኸው ሰው ለምን እንደተንጋጋለት አይገባህም። ኪራይህ በአመት 15 ፓውንድ ነው እንበል፣ ምሳሌ ነው። ከባለርስቱ ጋር የ20 አመት ኪራይ በሚያህል ዋጋ ተስማማችሁ፣ ዋጋው 300 ፓውንድ ሆነ። መንግስት 300ውን ለባለርስቱ በጥሬው ይከፍለዋል፣ ከዛ ላይ 12 በመቶ ጉርሻ ይጨምርለታል፣ 36 ፓውንድ ማለት ነው፣ እሱን አንተ አትከፍልም። አንተ ለመንግስት በአመት 3.25 በመቶ ትከፍላለህ፣ 9 ፓውንድ ከ15 ሽልንግ፣ ለ68 አመት ተኩል። ትናንት በአመት 15 ከፍሎ የሰው መሬት ላይ የነበረ ሰው ዛሬ 9 ከ15 እየከፈለ የራሱ መሬት ላይ ነው። የልጅ ልጁ ሲጨርሰው ደግሞ በነፃ። እንዲህ ያለ ነገር ሲመጣ ማን ዝም ይላል!

ግን ልብ በል፣ ይሄ ሁሉ ሚሰራው አስቀድሞ ጭሰኛ ለሆነ ሰው ነው፣ ያውም ባለርስቱ ልሽጥ ካለ። ባዶ ስለተደረገው መሬትስ? የተነቀሉትስ? ምእራቡ ውስጥ ድንጋይ ላይ ተጣብቆ ሚኖረውስ 5 ኤከር ረግረጉን ቢገዛ ምን ይጠቅመዋል? የጊኔል ጥያቄ እሱ ነው። እኔ ከምኖርበት ወደ ኮኔማራ ስትወጣ የድንጋይ ካብ ያጠራት የእጅ መዳፍ ምታክል ማሳ ናት ያለችው፣ ወደ ምስራቅ ዞረህ ወደ ዌስትሚዝና ወደ ሚዝ ስትሄድ ደግሞ አይን እስኪደክም አረንጓዴ ሜዳ፣ ሰንጋ የሚደልብበት። ያንን ልዩነት በአይኑ ያየ ሰው ሰውዬው ለምን እንደማይቀመጥ ወዲያው ይገባዋል።

የህግ ተማሪ፦
ከጋልዌይ የፃፈው ላይ ልጨምር፣ የ11 ወሩን ነገር ማንም ስላልመለሰው። ነገሩ ቀላል ነው ግን ተንኮሉ ከባድ ነው።

የ1881 ህግ ለጭሰኛ መብት ሲሰጥ ለጊዜያዊ የግጦሽ ኪራይ ግን አልሰጠም። ስለዚህ ባለርስቱ ሳሩን ከአመት ባነሰ ጊዜ ካከራየ ተከራዩ ጭሰኛ አይባልም፣ ፍርድ ቤት ሄዶ ኪራይ ይወሰንልኝ አይልም፣ አልነቀልም አይልም። 11 ወር ያከራያል፣ ያልቃል፣ እንደገና ያጫርታል፣ ብዙ ጊዜ ያው ሰው ያሸንፋል። ለአመታት አንድ ሰው ሰንጋውን እያደለበበት በህግ አይን ግን መሬቱ "ጭሰኛ የሌለበት" ነው፣ በባለርስቱ እጅ እንዳለ ይቆጠራል። ጊኔል በየጥያቄው ጭሰኛ ያልሰፈረበት መሬት ስንት ነው እያለ ሚጠይቀው ለዚህ ነው፣ ቃሉ የህግ ቃል ነው።

እና በ1903ቱ ህግ መሸጥ በውዴታ ነው። ባለርስቱ የጭሰኞቹን ክፍል ሸጦ ሜዳውን ለራሱ ማስቀረት ይችላል፣ ወይ ጭራሽ አልሸጥም ማለት ይችላል። ኮሚሽነሮቹ ባዶ መሬት ገዝተው ለተነቀሉና መሬት ላነሳቸው ማከፋፈል ተፈቅዶላቸዋል፣ ግን አስገድደው መውሰድ አይችሉም ነበር። ሚኒስትሩ "ኮሚሽነሮቹ እጅ ነው" ሲል ውሸት አልነበረም፣ ችግሩ የኮሚሽነሮቹ እጅ ባዶ መሆኑ ነው።

ለምሳሌ ክላንሪካርድ ሚባለውን ማርኪስ እዩት፣ ጋልዌይ ውስጥ ፖርተምና አካባቢ ትልቅ ርስት የነበረው። ሰውዬው ለንደን ቁጭ ብሎ በወኪል ነው ሚያስተዳድረው፣ ርስቱ ላይ የነበረው ማፈናቀል ፓርላማ ውስጥ ስንት ጊዜ እንደተነሳ ብትቆጥሩት ትደክማላችሁ፣ የራሱ ወገን የሆኑ ሚኒስትሮች ሳይቀሩ የተማረሩበት ሰው ነው። ሽጥ ቢሉት አልሸጥም አለ። በመጨረሻ በ1909 ህግ ነው የተጨናነቁ ወረዳዎች ቦርድ (ለምእራቡ ድሃ ወረዳዎች መሬት ገዝቶ ሚያከፋፍለው መስሪያ ቤት) አስገድዶ የመግዛት ስልጣን ያገኘው፣ የሱን ርስት ግን ክርክሩ ተጎትቶ በ1915 ነው የወሰዱት። አንድ ሰው እምቢ ስላለ ያ ሁሉ አመት።

ወለላ፦
ሁላችሁም ጥሩ ነው የፃፋችሁት ግን ስለ ጊኔል ስታወሩ እንደ ፃድቅ አድርጋችሁታል፣ እኔ በዚህ አልስማማም። በኔ እምነት የአየርላንድ ጭሰኛ መሬት ያገኘው በዊልያም ኦብራየን ነው። እሱም የፓርላማ አባል ነበር፣ እስር ቤትም ስንት ጊዜ የገባ ሰው ነው፣ በ1880ዎቹ ጭሰኛው ተመጣጣኝ ነው ያለውን ኪራይ ብቻ ይዞ እንዲቀርብ፣ ባለርስቱ አልቀበልም ካለ ገንዘቡ ለተነቀሉት መደጎሚያ በጋራ እንዲቀመጥ ያደረጉትን ዘመቻ ከመሩት አንዱ ነው። በ1898 ዌስትፖርት ላይ የተባበረ የአየርላንድ ሊግን ሲያቋቁምም ጥያቄው ያው የሜዳው ጥያቄ ነበር፣ ጊኔል ፓርላማ ከመግባቱ 8 አመት በፊት ማለት ነው። ግን ይሄ ሰው ሲታገል ኖሮ ሰአቱ ሲደርስ ጠረጴዛ ላይ መቀመጥን አወቀበት። ዲሴምበር 1902 ደብሊን ውስጥ 4 የባለርስት ወኪል 4 የጭሰኛ ወኪል ፊት ለፊት ተቀመጡ፣ ከዛ ወገን ሎርድ ደንሬቨን፣ ከዚህ ወገን ኦብራየን፣ ሬድመንድ፣ ሀሪንግተንና ከሰሜኑ ክፍል ከአልስተር ደግሞ ቲ ደብሊው ራስል። ራስልን ልብ በሉት፣ ከእንግሊዝ ጋር ያለው አንድነት ይቀጥል ባይ ነው፣ ስለ መሬቱ ግን ከነሱ ጋር ቆመ፣ እንደውም ባለርስቱ ተገዶ ይሽጥ ብሎ አልስተር ውስጥ ዘመቻ የጀመረ እሱ ነው። በጥቂት ሳምንት ውስጥ በጋራ ሪፖርት አወጡ፣ በ1903 ህግ ሆነ። ለዘመናት ሰው ሲሞትበት የኖረ ጉዳይ እኮ ነው!

እና ሌላው የገረመኝ፣ ህጉን ከራሳቸው ወገን የፓርላማ አባሉ ዲለንና ዳቪት ተቃወሙት፣ ዋጋው በዛ ለባለርስቱ አደላ ብለው። ኦብራየን ተናዶ በ1903 መጨረሻ ከፓርላማውም ከፓርቲውም ራሱን አገለለ። ሰው ያን ያህል ሰርቶ እንዲህ ሲደረግበት ሳነብ በጣም ነው ያዘንኩት።

ወደ ጊኔል ስመጣ፣ ኦክቶበር 1906 ዌስትሚዝ ውስጥ ዘ ዳውንስ ሚባል ቦታ ላይ ተነስቶ ያደረገውን ንግግር እዩ። ሰዉን የሀዘል ዱላ ያዙ፣ የአድላቢዎቹን ከብት ከሜዳው ንዱ ነው ያለው። ከዛ በኋላ ሌሊት ሌሊት ሰው እየተሰበሰበ የሰው ሰንጋ እየነዳ መንገድ ላይ ይበትን ነበር፣ ሁለት ሶስት አመት አገሩ ታመሰ። ህግ አውጪ ሆነህ እንዲህ ትላለህ? እኔ አልቀበለውም።

ከጋልዌይ፦
እህቴ ወለላ ስለ ኦብራየን ያልሽው ሁሉ ትክክል ነው፣ እኔም የማከብረው ሰው ነው። ግን ጠረጴዛው ላይ ማን እንደነበረ ራስሽ ፃፍሽው እኮ፣ ባለርስትና ጭሰኛ። መሬት የሌለው ሰው ወንበር አልነበረውም። የተነቀለው አልነበረም፣ የጭሰኛው ታናሽ ልጅ አልነበረም፣ እረኛው አልነበረም። ሁለቱ ተስማሙና ሶስተኛው ውጭ ቀረ፣ ጊኔል የቆመው ለሱ ነው።

ደግሞ ህጉ ራሱ በጨዋነት ብቻ አልመጣም። ሮስኮመን ውስጥ የሆነውን እዪ። የተጨናነቁ ወረዳዎች ቦርድ በ1899 የዲለንን ርስት (የፓርላማው ዲለን አይደለም፣ ባለማእረጉ ነው) ገዛና የጭሰኞቹ ክፍያ ወዲያው ቀነሰ። አጠገባቸው ያለው የዴ ፍሬይን ርስት ነው። አስቢው፣ ያው ጭቃ፣ ያው ዝናብ፣ በመሀል ያለው አንድ ካብ ብቻ፣ ከካቡ ወዲያ ያለው ጎረቤትሽ ካንቺ ያነሰ እየከፈለ ባለመሬት ሊሆን ነው፣ አንቺ ግን የድሮውን ሙሉ ኪራይ ክፈይ ትባያለሽ። የዴ ፍሬይን ጭሰኞች አንከፍልም አሉ፣ ክስ መጣ፣ ማፈናቀል መጣ፣ ፓርላማ ውስጥም አየርላንዳውያኑ አነሱት። መንግስት አንዱን ርስት ገዝቶ ሌላውን መተው እንደማይቻል የገባው ከእንደዚህ አይነት ነገር በኋላ ነው።

የከብቱን ነገር በተመለከተ፣ እኔም ሌሊት የሰው ከብት መንዳት ጥሩ ነው አልልም። ግን ጊኔል ሰው ግደሉ አላለም፣ ቤት አቃጥሉ አላለም፣ የድሮው የገጠር ትግል ከዛ የባሰ ነበር። ሰንጋው ተነድቶ ወይ የባለቤቱ ደጅ ይደርሳል ወይ መንገድ ላይ ይገኛል። አላማው የ11 ወሩን ኪራይ የማያዋጣ ማድረግ ነው፣ አድላቢው ጨረታ ላይ እንዳይቀርብ። ለዚያም ታስሯል እኮ፣ በ1907 መጨረሻ ፍርድ ቤት በመድፈር 6 ወር ፈረዱበት። ሌላውን ዱላ አስይዞ እሱ ለንደን ተደብቆ አልቀረም።

እና አንድ ማይነሳ ነገር አለ፣ ከአድላቢዎቹ ብዙዎቹ የራሱ የፓርቲው ደጋፊዎች ነበሩ። ባለሱቁ፣ ትልቁ ገበሬ፣ የሊጉ የወረዳ ሹም ሳይቀር ሳር ይከራይ ነበር። ስለዚህ ጊኔል ርስት እየጠራ በጠየቀ ቁጥር የሚከፋው ሚኒስትሩ ብቻ አይደለም፣ አጠገቡ የተቀመጠውም ነው። በ1909 የፓርቲውን ሂሳብ አሳዩኝ ብሎ ሲጠይቅ ከፓርቲው አስወጡት፣ ከዛ በኋላ ለብቻው ነው የቀጠለው። ሰው ለብቻው ሆኖ ያንን ሁሉ አመት መጠየቁ እኔን ይነካኛል፣ እውነቴን ነው።

የህግ ተማሪ፦
በሁለታችሁ መሀል ልግባ። ጥያቄ ማንሳት ብቻውን ምን ይሰራል ሚል ሰው ካለ፣ ያኔ የነበረውን የፓርላማ አሰራር ማየት ያስፈልጋል። አየርላንዳውያኑ ከ670 ወንበር ውስጥ 103 ነው የነበራቸው፣ የሆም ሩል (አየርላንድ ራሷን በራሷ ታስተዳድር ሚለው) ፓርቲ ደግሞ 80 ምናምን። በድምፅ ብቻቸውን ምንም ማሳለፍ አይችሉም። የነፓርኔል ጊዜ ዘዴው ማጓተት ነበር፣ በ1881 መጀመሪያ ላይ አንድ ስብሰባ 41 ሰአት አካባቢ አስቆይተዋል፣ አፈ ጉባኤው በራሱ ስልጣን እስኪያቋርጠው ድረስ። ከዛ በኋላ ደንቡ ተቀየረና እሱ በር ተዘጋ። የቀረው የጥያቄ ሰአት ነው። ጥያቄ ከተመዘገበ ሚኒስትሩ መመለስ አለበት፣ ለመመለስ ደግሞ ደብሊን መፃፍ አለበት፣ ደብሊን ያለው መስሪያ ቤት ፋይሉን ማውጣት አለበት፣ አንዳንዴ ርስቱ ድረስ ሰው መላክ አለበት። መልሱ ባዶ ቢሆን እንኳ የአንድ የተነቀለ ሰው ማመልከቻ ከመሳቢያ ወጥቶ ጠረጴዛ ላይ ይውላል። የሀገሩ ጋዜጣ ደግሞ ጥያቄውን ከነመልሱ ያትመዋል፣ ሜዳውን የተከራየው ሰውዬ ስሙን በጋዜጣ ያያል። እኔ ትልቁ ጉልበት እሱ ይመስለኛል።

በህግ ደረጃም ቢሆን ባዶ አልቀረም። በ1907 ለተነቀሉ ጭሰኞች ራሱን የቻለ ህግ ወጣ፣ በተወሰነ ደረጃም አስገድዶ መግዛትን ፈቀደ። በ1909 ደግሞ የቢረል ህግ መጣ፣ ቢረል ያ ጊኔል ሁሌ ሚጠይቀው ሚኒስትር ነው። ያ ህግ አስገድዶ መግዛትን ለምእራቡ አመጣ፣ በሌላ በኩል ግን ለባለርስቱ ሚከፈለው ከጥሬ ገንዘብ ወደ ቦንድ ተቀየረ፣ የገዢውም አመታዊ ክፍያ ከ3.25 ወደ 3.5 በመቶ ከፍ አለ፣ ስለዚህ የሽያጩ ፍጥነት ቀዘቀዘ። ኦብራየንም በጣም የታገለው ይሄንን ነው።

መዝገብ ገላጭ፦
በጣም ነው ማመሰግነው፣ ሁላችሁንም። ሁለት ቀን ሙሉ እያነበብኩት ነው። የ300 ፓውንዱ ምሳሌ እንዴት እንደረዳኝ፣ ወረቀት አውጥቼ ራሴ አሰላሁት። ሁለት ነገር ብቻ ላስቸግራችሁ፣ አንደኛ ምንም መሬት የሌለው የቀን ሰራተኛው ምን አገኘ? ሁለተኛ የጊኔል መጨረሻው ምን ሆነ፣ የፓርላማው መዝገብ ላይ የሆነ ጊዜ ይጠፋብኛል።

ወለላ፦
የመጀመሪያውን እኔ ልመልስ። ለቀን ሰራተኛው ሚጮኸው ዲ ዲ ሺሀን ሚባል የኮርክ ተወካይ ነበር፣ የኦብራየን ወዳጅ። በ1906 የወጣው የሰራተኞች ህግ በዋናነት በነሱ ግፊት ነው። የአካባቢው አስተዳደር ጎጆ ይሰራል፣ ከጎኑ ለድንችና ለአትክልት ሚሆን እስከ አንድ ኤከር ቁራሽ መሬት አለው፣ ሰራተኛው በትንሽ ኪራይ ይገባበታል። በነዚህ ህጎች ከ40 ሺህ በላይ ቤት ተሰርቷል። መሬቱ የራሱ አልሆነም ያኔ፣ ግን ከዛ በፊት የነበረው አንድ ክፍል የጭቃ ጎጆ፣ ወለሉ አፈር፣ ሰውም ከብትም አንድ ላይ ነው፣ ስለዚህ ለአንዲት እናት ደረቅ ወለልና የራሷ መደብ ድንች ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። እንደ ዊንደም ህግ ብዙ አይወራለትም፣ በኔ አስተያየት ግን ሊወራለት ይገባ ነበር። ደግሞ ከጋልዌይ፣ ወንበር ያልነበረው ሰው ያልከውን ሳስበው ነበር፣ እሱን እቀበልሃለሁ። የከብቱን ግን አሁንም አልቀበልም።

ከጋልዌይ፦
እሺ እህቴ፣ ይሁን።

ስለ ጊኔል፣ ከመዝገቡ ሚጠፋብህ ራሱ ስለተወው ነው። በ1916 ደብሊን ላይ አመፅ ተነስቶ መሪዎቹ ሲረሸኑ ለንደን ፓርላማ ውስጥ ተነስቶ በቁጣ አወገዘ፣ በ1917 ሲን ፌን ሚባለው የነፃነት ፓርቲ ገባና ከዛ ወዲህ ለንደን መቀመጡን ተወው። በ1918 ምርጫ ለዌስትሚዝ ተመረጠ፣ ግን የሄደው ደብሊን ላይ ወደተቋቋመው የራሳቸው ፓርላማ ነው፣ ወደ ዳይሉ። የማስታወቂያ ስራውን እንዲመራ ተሰጠው። ከእንግሊዝ ጋር የተደረገውን ስምምነት ከተቃወሙት ወገን ሆነ፣ እና ኤፕሪል 1923 ዋሽንግተን ውስጥ ሞተ፣ ከአገሩ ርቆ።

በዛው አመት ኦገስት ላይ አዲሱ የአየርላንድ መንግስት፣ ጊኔል የተቃወመው መንግስት ማለት ነው፣ የመሬት ህግ አወጣ። የመሬት ኮሚሽኑ ያልተሸጠውን የጭሰኛ መሬት በሙሉ ይወስዳል፣ ጭሰኛ ያልሰፈረበትንም መሬት አስገድዶ ገዝቶ ያከፋፍላል ይላል። የጊኔል ጥያቄ ማለት ነው። እንግሊዞች በነበሩበት ጊዜ በወጡት ህጎች ከ300 ሺህ በላይ ጭሰኛ ገዝቶ ነበር፣ ከዛ በኋላ ያለው ስራ የቀረውን መጨረስና ሜዳውን መበተን ነው፣ እሱ ደግሞ አስርት አመታት ፈጅቷል። ኮሚሽኑ የተዘጋው በ1999 ነው። በመሀል በ1932 የአየርላንድ መንግስት መሪ ዴ ቫሌራ የግዢውን አመታዊ ክፍያ ለእንግሊዝ አልልክም ብሎ እስከ 1938 የንግድ ጦርነት ሆኗል፣ በ10 ሚሊዮን ፓውንድ ነው የተዘጋው፣ እሱ ራሱን የቻለ ርእስ ስለሆነ ከፈለክ ሌላ ጊዜ እናወራዋለን።

አንድ ነገር ልጨምርልህ፣ አሁንም እዚህ ገጠር ስትሄድ ገበሬዎች ሳር ሲከራዩ ለ11 ወር ነው ሚከራዩት። ከአንድ ሽማግሌ ጋር አጥር ተደግፈን ስናወራ ለምን 11 አልኩት፣ "ሁሌም እንደዛ ነው" ብቻ አለኝ።

መዝገብ ገላጭ፦
ተባረኩ። ዛሬ ማታ ወደ ቃለ ጉባኤው ተመልሼ ከ1906 ጀምሬ እንደገና እያነበብኩት ነው፣ አሁን "ጭሰኛ የሌለበት" ሚለው ቃል ጋ ስደርስ ቆም እላለሁ። ድሮ ዘልዬው ነበር ማልፈው።